ናኖ ማዳበሪያ በግራም ይመዘን

ለአዘጋጁ፣

በእርሻ ላይ ስለሚውሉ ሰው ሠራሽ ናኖ ቅንጣቶች (ከሚሊሜትር አንድ አሥር ሺኛ በታች ስለደቀቁ ቅንጣቶች) በሚጻፈው ሁሉ አንድ ቀላል ስሌት ሲዘለል እናያለን። አንድ ጠርሙስ አንድ ከረጢት ዩሪያ ይተካል የሚለው የህንድ ማስታወቂያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ኢፍኮ የተባለው የህንድ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለገበያ ያወጣው ናኖ ዩሪያ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ የሚሸጥ ሲሆን 4 በመቶ ናይትሮጂን ነበረው። ይህ 20 ግራም ነው። ይተካዋል የተባለው የ45 ኪሎ ከረጢት ግን 46 በመቶው ናይትሮጂን ስለሆነ 20.7 ኪሎ ይይዛል፤ ከሺህ እጥፍ በላይ ማለት ነው። መሬት ላይ ከተበተነው ዩሪያ ግማሹ በትነትና በውሃ ይጥፋ ብንል እንኳ የቀረው 10 ኪሎ የጠርሙሱን 500 እጥፍ ነው።

ከሰብሉ በኩልም እንየው። ስንዴ በሄክታር 30 ኩንታል ቢሰጥና የፍሬው ፕሮቲን 11.4 በመቶ ቢሆን፣ ይህን የስንዴ ፕሮቲን ወደ ናይትሮጂን በሚቀየርበት ቁጥር፣ በ5.7፣ ስናካፍለው 2 በመቶ ናይትሮጂን እናገኛለን። ገለባውን ሳንቆጥር በፍሬው ብቻ ከማሳው 60 ኪሎ ናይትሮጂን ይወጣል። መድቀቅ ንጥረ ነገሩ የሚሟሟበትን ፍጥነትና የሚገባበትን መንገድ ይለውጣል እንጂ ግራሙን አያበዛም። የህንዱ ፑንጃብ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ለሁለት ዓመት በማሳ የሞከረው ይህንኑ አሳይቷል። ከዩሪያው ተቀንሶ በምትኩ ናኖ ዩሪያ ሲረጭ የሩዝ ምርት 13 በመቶ፣ የስንዴው ደግሞ አንድ አምስተኛ ያህል ወረደ። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ሌላው ውጤት ነው፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ናይትሮጂን፣ ማለትም ፕሮቲኑ፣ በሩዝ 17፣ በስንዴ 11.5 በመቶ ቀነሰ። ቤተሰቡ ያነሰ እህል ብቻ ሳይሆን የሳሳ እህልም በላ ማለት ነው።

ዚንክ ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ ሰብል ዚንክን የሚፈልገው በግራም ነውና ቅጠል ላይ መርጨት በእርግጥ ይሠራል። ለመርጨት ግን ናኖ የግድ አይደለም። በቱርክ ማዕከላዊ አናቶሊያ የተለመደው ዚንክ ሰልፌት ስንዴ ላይ ሲረጭ የፍሬውን ዚንክ ከፍ አድርጓል። መጠኑ 0.5 በመቶ ነው፤ ለ16 ሊትር የጀርባ መርጫ 80 ግራም፣ በሄክታር 800 ሊትር ከተረጨ 4 ኪሎ። ለፍሬው ጥራት ሲባል የሚረጨው ዛላ ሲወጣና ፍሬው ወተት መቋጠር ሲጀምር፣ ፀሐይ ከበረደች በኋላ ነው። ቀደም ብሎ ቢረጭ ቅጠሉን ይጠቅማል፣ ለፍሬው ግን ብዙም አያደርስም።

ናኖ ዚንክ ኦክሳይድ ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ቅጠል የማቃጠል ዕድሉ ያነሰ ነው። ችግሩ ያለው መርጫው ውስጥ ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ናኖ መሆናቸው ይቀራል። ወደ ታች ይዘቅጣሉ፣ አፍንጫውን ይደፍናሉ፣ አንዱን መስመር አቅጥነው ሌላውን ያወፍራሉ። ከፎስፌት ጋር ከተቀላቀሉ ደግሞ በቀላሉ የማይሟሟ ዚንክ ፎስፌት ይፈጠራል። መጠን ማብዛትም ጉዳት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ የላቦራቶሪ ሙከራ በሊትር 50 ሚሊግራም ገደማ ናኖ ዚንክ ኦክሳይድ ራዲሽ የተባለውን የሥር አትክልት የሥር እድገት በግማሽ ቀንሷል፣ 2,000 ሚሊግራም ደግሞ የተሞከሩትን ሰብሎች ሥር ጨርሶ አቁሟል ማለት ይቻላል።

ቅንጣቱ የማይሟሟ የብረታ ብረት ኦክሳይድ ሲሆን ጥንቃቄው ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ በአፈር ላይ በተካሄደ የአኩሪ አተር ሙከራ ሴሪየም የተባለው ብረታ ብረት ናኖ ኦክሳይድ እድገትና ምርት ቀንሷል፤ በከፍተኛው መጠን፣ በኪሎ አፈር 1 ግራም፣ በሥሩ እባጮች የሚካሄደውን ናይትሮጂን የመያዝ ሥራ ወደ ማቆም አድርሶታል። በሙከራው ናኖ ዚንክ ኦክሳይድ የተሰጣቸው ተክሎችም ነበሩ፤ በኋላ በኤክስሬይ ሲታይ ዚንኩ ተሟሙቶ ከሌሎች ውህዶች ጋር ተጣምሮ ሲገኝ፣ ሴሪየሙ ግን አብዛኛው እንዳለ በናኖ ቅንጣትነቱ በተክሉ ውስጥ፣ እስከ ፍሬ መያዣው ድረስ ተገኝቷል።

ስለዚህ ማንኛውም ናኖ ምርት ለአርሶ አደር ከመቅረቡ በፊት የሚቀርበው የሙከራ ማስረጃ ምን እንደያዘ ይታይ። ምንም ያልተደረገበት መደብ፣ በግራም እኩል የሆነ ተራ ጨው የተሰጠው መደብ፣ ናኖው የተረጨበት መደብ፣ እንዲሁም ቅንጣቱ ተለይቶ የወጣበት ፈሳሽና መሸፈኛ ብቻ የተረጨበት መደብ ያስፈልጋል። ዩሪያ ተቀንሶ ከሆነ፣ የተቀነሰው ዩሪያ ብቻውን የተሰጠው አምስተኛ መደብ ካልተጨመረ ውጤቱ አይታመንም፤ በመጀመሪያው ዓመት አፈሩ ራሱ የጎደለውን ሊሸፍን ይችላልና ቢያንስ ሁለት ክረምት በዚያው ማሳ ይደገም። የቅጠል መለምለም አይበቃም። ፍሬው ታጥቦ ለፕሮቲን፣ ለዚንክና ለብረት ይመርመር፤ በፍሬው ውስጥ ሆኖ ዚንክን የሚያስረው ፋይቴት የተባለ ውህድም አብሮ ይለካ፤ ከዚንክ ጋር ያለው የሞል ንጽጽር (በክብደት ሳይሆን በቅንጣት ብዛት ሲነጻጸር) ከ15 በላይ ከሆነ አንጀት የሚወስደው ዚንክ ጥቂት ነው።

የአፈርና የሰብል ምግብ ባለሙያዎች