የእሑድ ሥራችን ይመዝገብልን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር የአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜ ማታ በቴሌግራም ግሩፓችን «ነገ ጠዋት 1፡30 ሁላችሁም ተገኙ፤ መቅረት አይቻልም» የሚል መልእክት ይመጣል። አንዴ ጽዳት ነው፣ አንዴ ስብሰባ፣ አንዴ የቤት ለቤት ምዝገባ። በበዓል ዋዜማ ደግሞ ወንዶቹ ቢሮ ለማደር ተረኛ ይመደባሉ፤ እኛ ሴቶቹ ስልካችንን ከፍተን እንድንጠባበቅ ይነገረናል።

በሥራ ቀን የሠራተኛ ሰርቪስ ያደርሰኛል። እሑድ ግን ታክሲው ከኪሴ ነው። ልጆቼን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ እወጣለሁ፤ ቅዳሴውም ይቀርብኛል።

እህቴ ቃሊቲ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሳምንት ዕረፍት ቀን የተሠራ ሰዓት ክፍያው በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን ይህ አዋጅ አይመለከተንም። ቢሆንም ለፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች ወጥቶ የነበረውና በኋላ በሌላ አዋጅ የተተካው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መደበኛው ሥራ በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ለትርፍ ሰዓትም ክፍያ ወይም የማካካሻ ዕረፍት እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ታዲያ የከተማው ሠራተኛ ድካም ምን ለየው?

ኃላፊያችንን ስጠይቃቸው «በጀት የለም» አሉኝ። እሺ፣ ገንዘቡ የለም እንበል። ዕረፍት ለመስጠት ምን በጀት ያስፈልጋል? ሰኞ ጠዋት ያው 2፡30 ላይ ፈርሙ እንባላለን እኮ! የእሑዱ ሥራ የተጻፈበት አንድ ወረቀት እንኳ የለም። ቢያንስ የገባንበትና የወጣንበት ሰዓት በፊርማ ይያዝልን፤ ዕረፍቱም በዚያው ወር ይሰጠን።

ስሜ እንዳይገለጽ
ከቱሉ ዲምቱ