«ተቃጥሏል» የተባሉት ዘጠኝ ኮምፒውተሮች፦ የኮምፒውተር ጥገና ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ

መስከረም መጨረሻ ላይ የትምህርት ቤታችንን የኮምፒውተር ላብ ስቶር ከፈትን። ዘጠኝ ኮምፒውተሮች ግድግዳ ተጠግተው ተደርድረዋል። አቧራ ውጧቸዋል። እያንዳንዳቸው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ በማርከር «ተቃጥሏል» ተብሎ ተጽፏል። ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው፣ ምን አይቶ እንደጻፈው የሚነግረን ሰው አላገኘንም።

የክበባችን የዘንድሮ ሥራ የተጀመረው ከዚያች ቃል ነው። ኮምፒውተር አልበራ ሲለን «ተቃጥሏል» እንላለን። ሲንቀራፈፍ ደግሞ «ቫይረስ ገብቶበታል»። ከዚያ ወይ ስቶር እንከተዋለን፣ ወይ ፎርማት እናደርገዋለን፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍተን እንደ አዲስ እንጭነዋለን ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ለልጆቹ ደጋግሜ የነገርኳቸው ነገር ቢኖር «ሳታዩ ስም አታውጡለት» የሚለው ነው። ከዘጠኙ በእውነት የተቃጠሉት ሁለት ነበሩ።

አባሎቻችን 16 ናቸው፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል። ዘወትር ረቡዕ ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እንገናኛለን። መሣሪያችን ሁለት ካቻቪቴ፣ አንድ የቀለም ብሩሽ፣ ከፊዚክስ ክፍል የተዋስነው ቮልት የሚለካ መልቲሜትርና ላጲስ ነው። አንድ ትልቅ ደብተርም አለን። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ገጽ አለው። ከመፈታቱ በፊት አራት ጥያቄ ይመለሳል፦ ምን ያደርጋል? መቼ ጀመረው? ከዚያ በፊት ምን ተነካ? እስካሁን ምን ተሞከረ? መጀመሪያ ላይ ልጆቹ መጻፉን አልወደዱትም። ካቻቪቴውን ለመያዝ ነበር የሚጣደፉት።

ይህ ሥራ ለምን እንደሚያሳስበኝ ልናገር። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀመረ። አንድ ኮምፒውተር ለአራትና ለአምስት ተማሪ ሲሆን፣ ማውሱን የሚይዘው አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ያያሉ። እንዲህ ሲያዩ ብቻ የከረሙ ልጆች ፈተና ላይ ማውስ ፍለጋ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ስቶር ውስጥ የተቀመጠ እያንዳንዱ ሳጥን የአንድ ልጅ ወንበር ነው።

የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ስንሰካው ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ ቢፕ ቢፕ ማለት ጀመረ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ይጮሃል እኮ! እናጥፋው?» አለች ደንግጣ። ተዪው፣ እንስማው አልኳት። ኮምፒውተር ሲነሳ ራሱን ይፈትሻል። ስክሪን ላይ መጻፍ ካልቻለ በድምፅ ይናገራል። የጩኸቱ ቁጥርና ርዝመት እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ተደጋግሞ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራም ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ።

ገመዱን ነቀልን። ያልተቀባውን የሳጥኑን ብረት በእጃችን ነካን፤ ሰውነት ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ ለእኛ ሳይሰማን ቺፕ ሊያበላሽ ይችላልና። ራሙን አወጣነው። ወርቅማ የሆነው ጫፉ ጠቁሯል። ልጅቷ በላጲስ ቀስ እያለች አሸችው፤ የላጲሱን ብናኝ በደንብ አራገፈችና መለሰችው። ሁለቱ መቆለፊያዎች ቀጭ ሲሉ ተሰማ። ስናበራው የአምራቹ ምልክት ስክሪኑ ላይ ወጣ። ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። ከጎን ያለው ክፍል መምህር ምን ተፈጠረ ብለው መጡ። ከዘጠኙ ሦስቱ የዳኑት በላጲስ ነው።

አንደኛው ደግሞ ምንም አልነበረበትም። ገመዱ በሚሰካበት በኩል፣ ከጀርባው ያለችው ትንሽ ማብሪያ ጠፍታ ነበር። እሷን ተጫንናት፤ ተነሳ። ላዩ ላይ «ተቃጥሏል» የሚለውን ወረቀት ልጆቹ አልጣሉትም። ደብተሩ ላይ፣ በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ ለጠፉት።

ኅዳር ላይ ብዙ ጊዜ የወሰደብን የቀኑ ነገር ነው። ከላቡ ኮምፒውተሮች ስድስቱ ድረ ገጽ አንከፍትም አሉ። «ግንኙነትዎ ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው የሚመጣው። ሁሉም «ኔትወርኩ ነው» አለ። ገመድ ተቀየረ፣ ሞደሙ ጠፍቶ በራ፣ ለባለሙያ ተደወለ። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን የስክሪኑን ጥግ አየና «ቲቸር፣ ይሄኛው 2009 ላይ ነው ያለው» አለ። በፈረንጆቹ ማለቱ ነው።

ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚያያዙበት ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ፣ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አለች፤ ሲአር 2032 ትባላለች፤ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩ ተነቅሎም ቢሆን ሰዓቱን እንዳይረሳ የምታደርገው እሷ ናት። ስትሞት ቀኑ ወደ ጥንቱ ይመለሳል። ድረ ገጾች ደግሞ መነሻና ማብቂያ ቀን ያለው የምስክር ወረቀት ይይዛሉ። 2009 ላይ ነኝ ብሎ ለሚያስብ ኮምፒውተር የዛሬው ምስክር ወረቀት ገና አልጀመረም። ስለዚህ አላምንህም ብሎ በሩን ይዘጋል። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ባትሪዎቹን ቀየርን። ከስድስቱ ሁለቱ አሁንም እምቢ አሉ። እዚህ ጋ እኔም ግራ ገባኝ። ባትሪው አዲስ ነው፤ ቀኑም ትክክል ይመስላል፤ 2018 ይላል። እሱ ነበር ችግሩ። ቀኑን ያስተካከለው ልጅ ያስገባው የእኛን ዓመተ ምሕረት ነው። ለኮምፒውተሩ 2018 ማለት በፈረንጆቹ 2018 ነው፤ ሰባት ዓመት ወደኋላ ማለት ነው። ሰዓቱንም በእኛው አቆጣጠር 4 ሰዓት ብሎ ሞልቶታል። ልጁ አፈረ። ማፈር አልነበረበትም። በሁለት አቆጣጠር የሚኖር ሰው በሁለቱም ማሰብ አለበት፤ ይህን ደግሞ የውጭ መመሪያ መጽሐፍ አይነግረንም። አሁን እያንዳንዱ ስክሪን ጠርዝ ላይ «ቀን በፈረንጅ፣ ሰዓት በፈረንጅ» የሚል ትንሽ ወረቀት አለ።

ወደ መብራቱ ልምጣ። ብዙ ሰው ኮምፒውተር የሚጎዳው መብራት ሲሄድ ይመስለዋል። መሄዱም ያልተቀመጠ ሥራ ያጠፋል፣ ሃርድ ዲስክም ሊጎዳ ይችላል። የሶኬቱን መብራት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ለሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ለፓወር ሰፕላይ ግን፣ አደገኛው ቅጽበት መብራቱ ሲመለስ ነው። 220 ቮልት መሆን ያለበት ለአፍታ ከዚያ በላይ ዘሎ ሊገባ ይችላል። በእውነት ከተቃጠሉት ሁለቱ አንዱ ሲከፈት ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትናንሽ ቆርቆሮዎች) አናታቸው አብጧል፤ አንዱ ፈንድቶ ቡናማ ፈሳሽ አፍስሷል። ጤነኛ ካፓሲተር አናቱ እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ነው። ልጆቹ አሁን ሳጥን ሲከፈት መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ሁለተኛው ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዩ ሲቃጠል ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄዷል።

ሌሎች ሁለት ኮምፒውተሮች ግን የሞተባቸው ፓወር ሰፕላይ ብቻ ነበር። አዲስ ለመግዛት በጀት የለንም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ አምስት ልጆች ይዤ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድን። ከቆርቆሮውና ከብረታ ብረቱ መሐል አሮጌ ኮምፒውተር የሚፈቱ አንድ ነጋዴ አገኘን። «ከመግዛታችሁ በፊት እዩት» አሉን። የፓወር ሰፕላዩን አረንጓዴ ገመድ ከአንዱ ጥቁር ገመድ ጋር በቁራጭ ሽቦ አገናኙትና ሰኩት። ማራገቢያው ዞረ። እኛም መልቲሜትራችንን አወጣን፤ ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ቮልት። ስድስት አይተን ሁለት ገዛን። ልጆቹ ትምህርት ቤት ያልተማሩትን እዚያ ተማሩ፤ እሳቸውን አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ከልክያለሁ፤ የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን መክፈት። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። የሰው ሕይወት ከኮምፒውተር ይበልጣል።

ከጥር እስከ መጋቢት በእረፍት ሰዓት በራችን ላይ ሰልፍ ነበር። ሁሉም በእጁ ፍላሽ ይዟል። ፎቶ ኮፒ ቤት አሳይመንት አሳትሞ ሲመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ ምልክት ብቻ፣ ተቀይረውበታል። «ፋይሌ ጠፋ» ብለው ያለቀሱ አሉ። ፋይሉ አልጠፋም። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል። እሱን ስትጫኑ ራሱን ቫይረሱን ነው የምታስነሱት፤ ያኔ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። እኛ ሾርትከቱን ሳንነካ፣ መጀመሪያ በአንቲቫይረስ እናጸዳለን። ከዚያ «አትሪብ» በሚባለው ትእዛዝ የተደበቀውን እንገልጣለን። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ፎርማት አድርጉልኝ ብሎ የመጣ ተማሪ ሙሉ የምርምር ጽሑፉን ይዞ ተመልሷል።

አሁን የማልፈልገውን ልጻፍ። የካቲት ላይ የአንድ ባልደረባችንን ላፕቶፕ ፎርማት አደረግን። ስታክ እያደረገ አስቸግሯቸው ነበር። «ባክአፕ አለዎት?» አልናቸው፤ «ፍላሽ ላይ አለ» አሉ። እኔም እሺ አልኩ። ደብተሩ ላይ ፈርሜ ለልጆቹ ፈቀድኩ። ፍላሹ ላይ የነበረው የአምናው ነው። የዘንድሮው የአንደኛ መንፈቅ ዓመት ማርክ በሙሉ ዴስክቶፕ ላይ ነበር። ዴስክቶፕ ደግሞ ዊንዶውስ ከሚቀመጥበት ከ«ሲ» ድራይቭ ጋር አብሮ የሚጠፋ ነው። ብዙ ሰው ዴስክቶፕ የተለየ ቦታ ይመስለዋል፤ አይደለም።

አዲሱ ዊንዶውስ በላዩ ስለተጻፈበት፣ በማስመለሻ ሶፍትዌር ያገኘናቸው ፋይሎች አብዛኞቹ አልከፍትም አሉ። ባልደረባችን አልተቆጡም፤ ዝም አሉ። ዝምታቸው ከቁጣ በላይ ከበደኝ። ክበቡ ሁለት ረቡዕ ሙሉ ሥራውን አቁሞ፣ ከእርማት ወረቀቶቹ ላይ ቁጥር እያነበበ አብሯቸው መልሶ ሞላ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ባክአፑን በሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ በዓይናችን ፊት ካልከፈተ ማንም ፎርማት የሚለውን አይጫንም። አለ ማለት አይበቃም፤ ተከፍቶ መታየት አለበት።

የአማርኛ ክፍልም ፈተና ላይ ጥሎን ነበር። ጸሐፊዋ «ቫይረስ በላው» ብለው የድሮ የፈተና ፋይሎች አመጡልን። ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ትርምስ ነው። ፋይሎቹ የተጻፉት ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የቀድሞ ፎንት ነበር። በዚያ ዘመን ሶፍትዌሮች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው። ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ በሆነው የኮምፒውተር ፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ግዕዝ የራሱን ቦታ ያገኘው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ኮምፒውተሩ ሲታደስ የድሮው ፎንት አብሮ ስለጠፋ፣ «ሀ» ወደ ላቲን ምልክትነት ተመለሰ። ፎንቱን ስንጭነው ጽሑፉ ሁሉ ብቅ አለ። ጸሐፊዋ «ልጆቼ ተባረኩ» እያሉ ሁሉንም ሳሟቸው። አሁን ፋይሎቹን አንድ በአንድ ወደ ዩኒኮድ እየቀየርን ነው። ፎንቱ ነገ የማይገኝበት ቀን ሊመጣ ይችላልና፣ ክረምቱን እንጨርሰዋለን ብለን አስበናል።

ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10 ድጋፉን አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። የእኛ አሮጌዎቹ ይህን አያሟሉም። አራቱ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጭነናል። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሥራ ሊብሬ ኦፊስ በቂ ነው። መልኩ አልለመደንም ያሉ ተማሪዎች ነበሩ፤ ፈጥኖ ሲከፍትላቸው ተለማመዱት።

ከዘጠኙ አንዱ ግን አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ይሠራና ቀጥ ብሎ ይጠፋል። ሙቀት ነው ብለን አቧራውን ጠረግን፤ ማራገቢያውን ቀየርን፤ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት አንስተን አዲስ ቀባን። ራም ቀያየርን። ፓወር ሰፕላይ ቀየርን። ሌላ ሶኬት ላይ ሞከርነው። አሁንም ይጠፋል። ሁለቱ የ12ኛ ክፍል አባሎቻችን ዘንድሮ ይሸኛሉ። በመጨረሻው ረቡዕ እስከ 12 ሰዓት ቆይተው ደብተሩ ላይ ያደረጉትን ሁሉ በቀን በቀን ጻፉ። ከሥርም እንዲህ የሚል ጨመሩ፦ «ያልሞከርነው፦ የማብሪያውን ቁልፍ ገመድ መንቀል። ቁልፉ ራሱ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። አልተቃጠለም።»

ክበቡ በ2019 ዓ.ም. ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ረቡዕ ይከፈታል። መመዝገብ የሚፈልግ ተማሪ ላጲስና ብዕር ይዞ ይምጣ። ደብተሩ ላቡ ውስጥ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ጎን ተቀምጧል።