ዘይት በታኙን ፈሳሽ መሸጥ ያቆምንበት ምክንያት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ሰሞኑን የትዕዛዝ ቅጽ የሞላችሁ ብዙዎቻችሁ ዘይት በታኙን ፈሳሽ፣ ማለትም ውሃ ላይ የፈሰሰን ነዳጅና የሞተር ዘይት የሚበታትነውን ኬሚካል፣ ከዝርዝሩ አጥታችሁት ጠይቃችሁናል። ዕቃው አልቆብን አይደለም፤ አስበንበት ነው ያወጣነው። በስልክ ለእያንዳንዳችሁ ቆራርጠን ከምንነግር በጽሑፍ ብናስረዳ ይሻላል አልን።

እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1967 ቶሪ ካንየን የተባለች መርከብ ወደ 119,000 ቶን ድፍድፍ ነዳጅ እንደጫነች፣ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በኮርንዎልና በሲሊ ደሴቶች መካከል ካለ አለት ጋር ተላተመች። ዘይቱ የእንግሊዝንም የፈረንሳይንም ዳርቻ አጠቆረ። እንግሊዞች መርከቧን በአውሮፕላን ደብድበው የቀረውን ነዳጅ ለማቃጠል ሞከሩ፤ በባሕሩና በዳርቻው ላይ ደግሞ 10,000 ቶን ያህል ማጽጃ ኬሚካል፣ የያኔውን ዘይት በታኝ፣ ረጩ።

ያ ማጽጃ ከዘይቱ የባሰ መርዝ ሆኖ ተገኘ። አለት ላይ ተጣብቀው የባሕር ሣር እየጋጡ የሚኖሩት፣ ሾጣጣ ቅርፊት ያላቸው ቀንድ አውጣዎች በጅምላ አለቁ። የሚግጠው ሲጠፋ አለቱን ሣር ወረሰው። ኬሚካል ያልነካው ዳርቻ በሁለት ሦስት ዓመት ሲያገግም፣ ክፉኛ የተረጨበት ግን አስር ዓመትና ከዚያም በላይ ፈጀበት።

እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለች መርከብ አላስካ ላይ 37,000 ቶን ያህል ድፍድፍ ነዳጅ ስታፈስም ችኮላው ሌላ ጉዳት አመጣ። ሠራተኞች ዳርቻውን በኃይለኛ ግፊት በሚወጣ ሙቅ ውሃ ሲያጥቡ፣ ከዘይቱ የተረፈውን ፍጥረት ሙቀቱ ጨረሰው። ከ12 ዓመት በኋላ እንኳ ጠጠሩ ሲቆፈር ከሥሩ ዘይት ይወጣ ነበር። በዚያ አደጋ 250,000 ያህል የባሕር ወፎች እንደሞቱ ይገመታል። ዘይት የነካው ላባ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ቀዝቃዛው ውሃ ሰርጎ ቆዳ ይደርሳል፤ ወፏ ላባዋን በመንቆሯ ስታበጥር ዘይቱን ትውጠዋለች።

ዛሬ የሚመረቱት በታኞች ከያኔዎቹ በመርዛማነታቸው እጅግ ያነሱ ናቸው፤ ይህን መካድ አንፈልግም። በጥልቅ ባሕር ላይ ባለሙያ ወስኖ ሲጠቀምባቸው ዘይቱ ዳርቻ እንዳይደርስ ይረዳሉ። ነገር ግን በታኝ ዘይትን አያጠፋም። ወደ ጥቃቅን ጠብታ ሰባብሮ ከውሃው ጋር ያዋህደዋል እንጂ። ጥልቀት በሌለው ውሃ ያ ጠብታ የዓሣ እንቁላልና ጫጩት ያለበት ድረስ ይወርዳል። እናንተ የምትሠሩት ደግሞ በጀልባ ማቆሚያና በወንዝ ዳር ነው።

በምትኩ ዘይቱ እንዳይስፋፋ የሚያግድ ተንሳፋፊ መከለያና ዘይት መምጠጫ ምንጣፍ እንድትወስዱ እንመክራለን። በባልዲ ውሃ ላይ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምራችሁ ምንጣፉን ጣል አድርጉበት፤ ዘይቱን ስቦ ሲጠቁር ውሃው ባልዲው ውስጥ ይቀራል። የጠጣውን ምንጣፍ ግን ከተራ ቆሻሻ ጋር አትጣሉት፤ አደገኛ ቆሻሻ ለሚረከቡ አስረክቡ።

ያልተከፈተ የበታኝ ጀሪካን በእጃችሁ ካለ መልሱልን፤ በከፈላችሁት ልክ መምጠጫ እንቀይርላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፤
የድርጅቱ ባልደረቦች