ያቺን ደረቅ ጥድ ተዉአት

ለአዘጋጁ፣

በኮሎራዶ ለሽርሽር ስለሚሆኑ ቦታዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። «ማገዶ ከዚያው ከጫካው ይገኛል» የምትለዋ ግን ከነከነችኝ።

ኦሮራ ነው የምኖረው። ቅዳሜ ማለዳ ከውድላንድ ፓርክ ከተማ አልፌ ወደ ፓይክ ብሔራዊ ደን እሄዳለሁ፤ አስፋልቱ ሲያልቅ ኮረኮንቹን ቀስ እያልኩ እነዳለሁ፣ ከዚያ ዳር ይዤ ሞተር አጥፍቼ መስኮቱን ዝቅ ማድረግ ነው፣ በቃ። ዛፉ ፖንደሮሳ ይባላል። ጥድ ነው፣ የሐበሻ ጥድ ግን አይደለም። ቅጠሉ ረጅም መርፌ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት እየሆነ ይወጣል። የሸመገለው ዛፍ ቅርፊት ፀሐይ ሲመታው ጠጋ ብላችሁ አሽትቱት፣ ቫኒላ ቫኒላ ይላል። ባለቤቴ ኬክ ቤት የገባሁ መሰለኝ ብላለች።

መጀመሪያ የሚሰማው የፒግሚ ነትሃች ጫጫታ ነው። አሥር ግራም ገደማ የምትሆን ወፍ ናት፣ ወሬዋ ግን የሠርግ ቤት! በበረዶው ወራት ተጠጋግተው ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ያድራሉ፤ ከ100 በላይ ሆነው አንድ ዛፍ ውስጥ ያደሩበት ጊዜ አለ። ጉድጓዱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ደርቆ የቆመ ዛፍ ላይ ነው። ግንደ ቆርቁር ቦርቡሮ ጫጩቶቹን ይፈለፍልበትና ይሄዳል፣ ሌላው ይወርሰዋል። ፍላሙሌትድ የምትባለው ትንሽዬ ጉጉትም ለብርዱ ወደ ሜክሲኮ ወርዳ በግንቦት ስትመለስ የምትገባው እሱ የተወው ቤት ነው። እዚያው ማኒቱ የሙከራ ደን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ተመራማሪዎች ይከታተሏታል። እኔ ድምጿን እንጂ እሷን አይቼ አላውቅም።

ዓምና መታጠፊያው ላይ አንዲት ደረቅ ጥድ ነበረች። ነትሃቾቹ ትል ይዘው ሲገቡ፣ ባዶ አፋቸውን ሲወጡ ቆሜ አይቻለሁ። በሳምንቱ ስመለስ ጉቶና ትኩስ ሰጋቱራ። ሁለት ወፎች ጉድጓዱ በነበረበት ከፍታ ላይ አየሩን ይዞሩታል፣ አንዷ አፏ ላይ ትል አለ። የቆረጠውን ሰው ለመርገም አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ድሮ ጥብስ ልንጠብስ ወጥተን «ይቺ ደርቃለች፣ ምን ትሠራለች» ብዬ መጥረቢያ ያስመጣሁት እኔው ነኝ።

ለቀጣዩ ጽሑፋችሁ ይችን ጨምሩልኝ፦ ከሰል ከቤት ይያዝ፣ እሳት ተከልክሎ እንደሆነም አስቀድሞ ይጠየቅ (እ.ኤ.አ. በ2002 ሃይማን የተባለው ቃጠሎ እዚያ አካባቢ ከ130,000 ኤከር በላይ በልቷል)፣ ቀዳዳ ያለበት ደረቅ ዛፍ ደግሞ አይነካ።

አንባቢያችሁ፣ ከኦሮራ