የዲቤት ክበብ ዘንድሮ፦ ተቃዋሚው ወንበር ላይ የተቀመጡት

ዘንድሮ ክበባችን ብዙውን ጊዜ ያጠፋው ሞዴል ፓርላማ ላይ ነው፣ ልጆቹ መንግሥትና ተቃዋሚ ሆነው እንደ ፓርላማ ሚከራከሩበት ማለት ነው። ከትምህርት ቤታችን እስከ አራት ኪሎው ፓርላማ በእግር ይኬዳል፣ ልጆቹ በየቀኑ በሱ በኩል ነው ሚያልፉት፣ ግን ውስጥ ማን ምን ይሠራል ስላቸው ሚጠሩልኝ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና አፈ ጉባኤውን ብቻ ነበር። ተቃዋሚ ደግሞ ለነሱ ሁሉንም ነገር አይሆንም ሚል ሰው ነው።

ስለዚህ በእንግሊዝ ጀመርን። እዛ የተቃዋሚው መሪ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ደሞዝ አለው ስላቸው ክፍሉ ተንጫጫ፣ "ቲቸር፣ መንግሥት ሚቃወመውን ሰው ራሱ ይከፍለዋል?" አዎ፣ ሥራ ስለሆነ። ረቡዕ ረቡዕ ጠቅላይ ሚኒስትሩን 6 ጥያቄ ይጠይቃል፣ ለየሚኒስትሩ ትይዩ ሚከታተል ሰው መድቦ ነገ ቢመረጥ ሥራውን ለመረከብ ይዘጋጃል። ህንድን ሳነሳ ደግሞ ከ2014 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. የታችኛው ምክር ቤት እውቅና ያለው የተቃዋሚ መሪ እንዳልነበረው አየን፣ ከገዢው ውጪ ለእውቅናው ሚጠየቀውን 10 ፐርሰንት ወንበር ያገኘ ፓርቲ ስላልነበረ።

ከዛ ወደኛው መጣን። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 55 ላይ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው ይላል። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ግን ከ547 ወንበር ተቃዋሚ ያገኘው 1 ነበር፣ በ2007 አንድም የለም። ታዲያ ማን አጥብቆ ይጠይቅ? ይሄ ጥያቄ ሁለት ሳምንት ሙሉ አከራከረን፣ የገዢው ፓርቲ አባላትም መጠየቅ ይችላሉ ያሉ ነበሩ፣ ልክ ናቸው፣ ግን የራስን አለቃ አፋጦ መያዝ ከባድ ነው።

ግንቦት ላይ አዳራሽ ውስጥ ያቀረብነው ጉዳይ ላይብረሪው ለምን በ10 ሰዓት ይዘጋል ሚል ነበር። የተቃዋሚ መሪ የሆነችው የ10ኛ ክፍል ልጅ መጀመሪያ የጻፈችው ግማሽ ገጽ ወቀሳ ነው፣ ሰርዛው በአንድ መስመር መጣች፣ "ክቡር ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በ10 ሰዓት እንዲዘጋ የወሰነው ማነው?" ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ልጅ ሠራተኛ የለም አለ። "ሠራተኛ ከተገኘ ይከፈታል ማለት ነው?" አለችና የተረኛ ተማሪዎች ፕሮግራም አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ የመንግሥት ወንበር ላይ ያሉት ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

እኔን ከሁሉም ያስደሰተኝ ግን "ሚኒስትሮቹ" ናቸው፣ እንደሚጠየቁ ካወቁ በኋላ ማስረጃ ሳይዙ መምጣት ተዉ።

ለሚቀጥለው ዓመት ወንበር እንቀያየራለን፣ የዘንድሮው መንግሥት ተቃዋሚ ይሆናል፣ መመዝገብ ምትፈልጉ መስከረም ላይ ሲቪክስ ዲፓርትመንት ብቅ በሉ።