የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ ዓሦቹ ስለ ክፍላችን አየር የነገሩን

የሳይንስ ክበባችን ዘንድሮ ሥራ በዝቶበት ከርሟል። ይህን አስቀድሜ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል «ልጆቹ ለፈተና መዘጋጀት ሲገባቸው የምን ዓሣ ነው?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ተነስቷል። ጥያቄው ይገባኛል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ እንደማየው ግን ልጆቻችን ኬሚስትሪ የሚከብዳቸው ሳይሸመድዱ ቀርተው አይደለም። የሸመደዱትን በዓይናቸው ስላላዩት ነው። ዘንድሮ አይተውታል።

መደበኛውን ሥራ ባጭሩ ላንሳ። ክበቡ በመስከረም መጨረሻ ተጠሪና ጸሐፊ መረጠ። በየሳምንቱ ተሰበሰበ። ጠዋት በሰልፍ ላይ አጫጭር የሳይንስ መልእክት አቀረበ። ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ጋር ሆኖ የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጀ። ቃለ ጉባኤው ጸሐፊው ዘንድ ስላለ ወደ ዋናው ልሂድ።

ዋናው ነገር የዓሣ ገንዳው ነው። ልጆቹ መጀመሪያ የፈለጉት የባሕር ዓሣ ነበር። በስልካቸው ኮራልና ባለ ቀለም ዓሣ አይተው ልባቸው ተሰቅሏል። ባሕር የለንም፤ የባሕር ውሃ የሚዘጋጅበት የጨው ድብልቅም በከተማችን ፈልገን አላገኘንም። ሐይቅ ግን ቅርባችን ነው። መስታወቱን አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ቆርጦ፣ በሲሊኮን አጣብቆ በነጻ ሰጠን። የፒኤች፣ ማለትም የውሃን አሲድነት፣ መለኪያዋን ብዕር ልጆቹ አዋጥተው ገዙ፤ ቁጥሩ ሲወርድ ውሃው ወደ አሲድ እያዘነበለ ነው ማለት ነው። በኅዳር ሚኒባስ ይዘን ወደ ሐይቅ ወረድን።

ከከተማችን ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጆቹ ዳር ላይ ሆነው ውሃውን ሲለኩ 8.9 አነበቡ። ንጹሕ ውሃ 7 ነው ብለው ስለተማሩ ደነገጡ። ሐይቁ ግን ምንም አልሆነም። ወንዝ ይገባበታል እንጂ በመሬት ላይ የሚወጣበት መንገድ የለውም። ውሃው ሲተን ከድንጋይና ከአፈር ታጥቦ የመጣው ማዕድን፣ አሲድን የሚያለዝበው ባይካርቦኔትም ጭምር፣ እየተጠራቀመ ይቀራል። በዚህ በኩል የባሕር ዘመድ ነው። የባሕር ፒኤች 8.1 አካባቢ ነው፤ እሱንም ከሚያቆሙት ነገሮች ዋናው ይኸው ባይካርቦኔት ነው። ዓሣው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቁ የተጨመረ ዝርያ። ከዓሣ አጥማጆቹ ትንንሾቹን ገዝተን፣ ውሃውን በጀሪካን ሞልተን ተመለስን።

ገንዳውን ያስቀመጥነው ቤተ ሙከራ በምንለው ክፍል ነው። አንባቢ እንደሚያውቀው ክፍሉ ዛሬ መማሪያም ነው፤ ከ60 በላይ ተማሪ ይቀመጥበታል። በ2014ቱ ጦርነት የደረሰበትንም ታውቃላችሁ። ከመስኮቶቹ ግማሾቹ እስካሁን በኮምፔንሳቶ እንደተመቱ ናቸው። የቀሩትን ደግሞ በታኅሣሥ የጦሳ ተራራ ብርድና ጉም ሲመጣ ማን ይከፍታቸዋል?

ብዙም ሳይቆይ ፒኤቹ መውረድ ጀመረ። 8.9 የነበረው 8.4 ደረሰ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን በፒኤች አንድ ሙሉ ቁጥር ማለት በአሲድነት አሥር እጥፍ ልዩነት ነው፤ ግማሿ ብቻ እንኳ ከሦስት እጥፍ በላይ ናት። ግራ የገባን ደግሞ ሰዓቱ ነው። በገንዳው መስታወት ላይ አረንጓዴ አልጌ በቅሏል። አልጌ ቀን ቀን በብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ፣ ከሰዓት ላይ ፒኤቹ ከፍ ማለት ነበረበት። የእኛ ተገላቢጦሽ ሆነ። ጠዋት ይሻላል፣ ከሰዓት ይወርዳል።

የ10ኛ ክፍል ልጆች «ቤኪንግ ሶዳ እንጨምርበት» አሉ። ክርክሩ ጦፈ። ሐሳቡ መሠረት አለው፤ ቤኪንግ ሶዳ ራሱ ባይካርቦኔት ነው፤ ባይካርቦኔት ያነሰው ውሃ ፒኤቹ አይጸናም። እሺ ልል ስል መዝገብ የምትይዘው የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። ይህች ልጅ በክበቡ ውስጥ ድምጿ ተሰምቶ አያውቅም። ሥራዋ ቁጥር መጻፍ ብቻ ነበር። እሷ ግን ቁጥሩን በካሬ ወረቀት ላይ በመስመር ስላ፣ ደብተሯ ውስጥ አጥፋ ይዛው ኖሯል። ዘርግታ አሳየችን። መስመሩ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይወርዳል። ሰኞ ጠዋት ተመልሶ ይወጣል። በሚቀጥለውም ሳምንት እንደዚሁ።

«ቲቸር፣ ቅዳሜና እሑድ ሶዳ የሚጨምርበት ሰው የለም» አለች። ትንሽ ዝም ብላ «እኛም የለንም» ጨመረች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ገባቸው። ከ60 በላይ ሰው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል። የአየር ፓምፑ ያንኑ አየር እየሳበ ውሃው ውስጥ ይነፋዋል። ጋዙ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል፤ ፒኤቹ ይወርዳል። ይህ ቀመር በመጽሐፋቸው አለ። ስንት ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የባሕር ዓሣ በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ሙከራ ነው፤ እነሱም ቤታቸውን ዘግተው ሲውሉ ይኸው ችግር ይገጥማቸዋል። ከገንዳው ውሃ በሁለት ሃይላንድ ቀዳን። አንዱን በረንዳ ላይ፣ ሌላውን ክፍል ውስጥ አድርገን አየር ነፋንባቸው። የውጪው ፒኤች ከፍ ካለ ጥፋቱ የክፍሉ አየር ነው። ከፍ ካላለ ደግሞ የጎደለው ባይካርቦኔት ነው፤ ያኔ ሶዳው ትክክል ይሆናል። አንድ ክፍለ ጊዜ ጠበቅን። ልጅቷ መለኪያዋን አነሳችና፣ ስለ ሶዳ አጥብቆ ሲከራከር ለነበረው ልጅ ሰጠችው። «አንተ አንብበው» አለችው። የክፍሉ 8.4 ላይ ቆሟል። የውጪው 8.7 ሆኗል። ልጁ ጮክ ብሎ አነበበና መጀመሪያ ያጨበጨበው ራሱ ነው። በማስተማር ሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

መፍትሔውም የልጆቹ ነው። ፓምፑን አውጥተው ከመስኮቱ ውጪ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በቆርቆሮ ሣጥን አስቀመጡት። ከዚያ የጉሉኮስ ቱቦ በተሰበረው መስታወት ጥግ አሾልከው ወደ ገንዳው አስገቡ። አሁን ውሃው የሚያገኘው የውጪውን አየር ነው። ከዚያ ወዲህ የከሰዓቱ ቁጥር ከ8.7 ብዙም አይወርድም። ፒኤች ከፍ ሲል ከዓሣው ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚመጣው አሞኒያ ለዓሣ ይበልጥ መርዝ ስለሚሆን፣ ምግቡን ቀንሰው ውሃውን ቶሎ ቶሎ በከፊል መቀየር ለመዱ። ያለ ሶዳ፣ ያለ ኬሚካል።

ከገንዳው ተነስተው ስለ ባሕርም ተወያዩ። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 280 እጅ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 አልፏል። የባሕር ፒኤችም ከ8.2 ገደማ ወደ 8.1 ወርዷል። ኮራልና ዛጎል አካላቸውን መገንባት እየከበዳቸው ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ እንደ ሩቅ ወሬ አልቆጠሩትም።

ችግርም ነበር። በየካቲት ሌሊቱን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቆመ። ጠዋት ስንገባ ትልልቆቹ ቆሮሶዎች ሞተዋል። በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ ፓምፕ ዋጋው ከአንድ የስብሰባ ሻይ ቡና ወጪ አይበልጥም፤ ከጠየቅን ቆይተናል።

አሁን ወላጆችንና የቀድሞ ተማሪዎችን የምጠይቀው ከዓሣው በፊት ስለ መስኮቱ ነው። ያቺ መለኪያ የነገረችን የዓሦቹን ውሃ ብቻ አይደለም። ልጆቻችን ከጠዋት እስከ ማታ የሚስቡትን አየርም ነግራናለች። ከሰዓት ላይ ራስ ምታትና እንቅልፍ ሲያስቸግራቸው ስንፍና ነው ስንል ኖረናል። ጥናት እየቀረባቸው ነው ለሚሉ ባልደረቦቼም መልሴ ይኸው ነው። በታፈነ ክፍል የሚደረግ ጥናት ይባክናል።

ኮምፔንሳቶው ተነስቶ የሚከፈትና የሚዘጋ መስኮት ይግባ። ብርዱ ሲበረታ በየክፍለ ጊዜው መሀል ለጥቂት ደቂቃ መክፈት ይረዳል። ለክበቡ ደግሞ የባትሪ ፓምፕና ለመለኪያዋ ማስተካከያ የሚሆን ፈሳሽ ያስፈልገናል። በመስከረም ልጆቹ ሁለተኛ ገንዳ መስኮቱ በሚከፈት ክፍል አስቀምጠው ሁለቱን ሊያነጻጽሩ አቅደዋል። መርዳት የምትፈልጉ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል ስጡን፤ ደረሰኝ ይቆረጣል። መስታወት ወይም እንጨት ያላችሁም በዓይነት ብትሰጡን እንቀበላለን፤ ክረምቱን ትምህርት ቤት ነን።