ግንዱ አልሰምጥ አለኝ

ወንድሜ፣

ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፍቼብህ ይኸው ስለ እንጨት ልጽፍልህ ነው። አውቃለሁ፣ ስድብህ ከሲልቨር ስፕሪንግ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ይቅርታ። የቀረውን ስትደውል ትሰድበኛለህ።

ሁላችንም ደህና ነን። ትንሿ ስድስት ዓመት ሞላት። ጣጣውን ያመጣችውም እሷ ናት። ከሁለት ሳምንት በፊት ሰርቪስ ቤቱን ስንበረብር ባዶውን አኳሪየምህን አገኘችና "ዓሣዎቹስ?" አለችኝ። ከሥሩ ያ ከሐዋሳ አሞራ ገደል ያመጣኸው ግንድ ተጋድሟል። የመኪናው ረዳት እንደ ሰው ሒሳብ ያስከፈለህ። አየህ፣ አልጣልኩትም!

በዚህኛው ዙር እንደ ሥርዓቱ ይዤዋለሁ። ቅርፊቱን በቢላ ላጥኩት። ጥፍር የሚገባበትን የበሰበሰ ቦታ ሁሉ ፈልፍዬ አወጣሁ። ከዚያ ያለ ሳሙና በብሩሽ ፈተግኩትና የእማዬን ጎላ ድስት ሰረቅኩ። ግንዱ ሙሉውን ስላልገባ አንዱን ጎን አንድ ሰዓት፣ ገልብጬ ሌላውን አንድ ሰዓት ቀቀልኩት። ውኃው መጀመሪያ ቀጠን ያለ ሻይ መሰለ፣ ቆይቶ ጌሾ። እማዬ ክዳኑን ከፈተችና "የማን ጠላ ነው?" አለች። ግንድ መሆኑን ስነግራት አማተበች። ጎላው እስካሁን ወገቡ ላይ ጥቁር ቀለበት አለው። በሎሚም በአመድም አለቅም ብሏል።

ቀለሙ ታኒን ነው፣ ያው ሻይ ውስጥ ያለው። ዓሣ አይጎዳም። አማዞን አካባቢ እንደ ሪዮ ኔግሮ ባሉ ወንዞች ውስጥ ያሉት ዓሣዎች ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ባለ ጥቁር ውኃ ነው የሚኖሩት። ልጄ ግን ዓሣዎቿን ማየት ትፈልጋለች። ስለዚህ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ በየቀኑ ውኃ እቀይርለታለሁ። ዛሬ 11ኛ ቀኑ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር! ጎረቤት እንዳያየኝ ማታ ማታ ነው የምቀይረው፤ የተደፋውም ለሽንት ቤት ይሆናል።

ልጄ ደግሞ ከግቢ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጎትታ መጣች። ዘይት ያለው እንጨት ለዓሣ አይሆንም ብዬ መለስኳት። ልክ እንዳንተ፣ ጣቴን ሳይቀር ቀስሬ።

እ... አንድ ነገር አለ። ልተወው ብዬ ነበር።

ያ ዓሣህ፣ ሻለቃ፣ በመብራት መጥፋት አልሞተም። መብራትስ ጠፍቶ ነበር፣ ግን አራት ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ። "እንጨት መፋቅ ይወዳል" ብለኸኝ ስለነበር ትንሹን ቁራጭ ላስገባለት አሰብኩ። ማን ይቀቅላል ብዬ አንድ ሌሊት በረኪና ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት በቧንቧ ውኃ ለቅለቅ አድርጌ ከተትኩት። እንጨት እንደ ስፖንጅ እንደሚጠጣ አላሰብኩም። የጠጣውን በረኪና ቀስ እያለ ተፋው። ማታ ስገባ ሻለቃ መስታወቱ ላይ የለም። ታውቀው የለ፣ ሁልጊዜ እዚያ ተለጥፎ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ነበር የሚጠብቀኝ። አሸዋው ላይ በጀርባው ተኝቷል። ቢጫዎቹ ዓሣዎችም በማግስቱ አለቁ። በመብራት ማመካኘት ቀላል ሆነልኝ። ከዚያ በደወልክ ቁጥር "አይዞህ፣ አንተ ምን ታደርግ" ስትለኝ መስማት አቃተኝ። ስልክ ማንሳት ተውኩ።

ይኸው። ተነፈስኩ።

አሁን ወደ ችግሬ። ግንዱ አልሰምጥ አለኝ። ድንጋይ ስጭንበት ይተኛል፣ ድንጋዩን ሳነሳ እንደ አዞ ብቅ ይላል። አንተ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ በብሎን ታስርበት ነበር። የማይዝገው ብሎን ነበር አይደል? ድንጋዩንስ ሳይሰነጠቅ በምን በሳኸው? ወይስ ዝም ብዬ ሌላ ወር ልዘፍዝፈው? ልጄ በየጠዋቱ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ በጣቷ ትጫነዋለች። "አባ፣ ዛሬም እምቢ አለ" ትለኛለች።

ለቅዳሜ ዓሣ ልገዛላት ቃል ገብቻለሁ። ለመናደድ ሁለት ቀን ውሰድ፣ መብትህ ነው። ስለ ብሎኑ ግን እስከ ዓርብ ጻፍልኝ።